የእንጨት ኳሱ የማያውቀው ነገር፤ ስለ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ሮብሰን የምርምር ሥራ የቀረበ ትችት

የአንድ ሊቅ ሥራ ትልቅ ሽልማት ካገኘ በኋላ በዚያ ሥራ ላይ ትችት ለማቅረብ መነሣት ለተማሪ ድፍረት ይመስላል። ይሁን እንጂ ምስጋና ሲበዛ ምርመራ ያንሳል፤ ሥራውም በምስጋናው ተሸፍኖ ሳይነበብ ይቀራል። የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ ኦክቶበር 8 ቀን 2025 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የዓመቱን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለሦስት ሰዎች እኩል አካፍሎ ሰጠ። እነርሱም የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሮብሰን፥ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሱሱሙ ኪታጋዋና በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ኦማር ያጊ ናቸው። የተሸለሙበትም ሥራ ሜታል ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ የሚባሉትን መዋቅሮች ማበጀታቸው ነው፤ ይኸውም የብረታ ብረት አዮኖችን እንደ ማእዘን፥ ካርቦን ያለባቸውን ሞሌኩሎች ደግሞ እንደ ማገር አድርጎ፥ በውስጡ ሰፊ ባዶ ክፍል ያለው ክሪስታል መሥራት ማለት ነው።

በተማሪዎች መካከል ስለዚህ ነገር በተነሣው ክርክር ስለ ሮብሰን ሁለት ዐይነት ፍርድ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። አንደኛው ወገን «ሰውየው የእንጨት ኳስ ይዘው ሲያስተምሩ ሐሳቡ ድንገት በራላቸው፤ ከምንም ተነሥተው አዲስ የኬሚስትሪ ክፍል ፈጠሩ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «የሮብሰን ክሪስታል እኮ ይፈራርስ ነበር፤ ቁም ነገሩን የሠሩት ኋላ የመጡት ሁለቱ ናቸው፤ ለመሆኑ የሚፈርስ ቤት ምን ይጠቅማል?» ሲል ይመልሳል። እኔ በሁለቱም ፍርድ አልስማማም። የሮብሰን ትልቅነት አንድን ጥያቄ በእጅ ሊሞከር እስኪችል ድረስ አጥርተው ማቅረባቸው ነው፤ ጉድለታቸውም ጥያቄውን ያስገኘላቸው የእንጨት ኳስ የማያውቀውን ነገር እስከ መጨረሻው ተከታትለው አለመፍታታቸው ነው። ብርታቱና ድካሙ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸውን በሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

፩

ፕሮፌሰር ሮብሰን በ1937 በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር ውስጥ በግላስበርን ተወለዱ። በኦክስፎርድ ተምረው በ1962 የዶክተርነት ማዕርግ ካገኙ በኋላ፥ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና በስታንፎርድ ጥቂት ዓመታት ሠርተው በ1966 ወደ ሜልቦርን ሄዱ። ስማቸው የተጠራበትን ሥራ ሁሉ የሠሩት በዚያው ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርምራቸው በኮኦርዲኔሽን ውሕዶች ላይ ነበረ። ይህን ትምህርት ያልወሰደ አንባቢ እንዲረዳው፥ ኮኦርዲኔሽን ውሕድ ማለት አንድ የብረታ ብረት አዮን በመካከል ሆኖ፥ ሊጋንድ የሚባሉ ሌሎች ሞሌኩሎች ወይም አዮኖች በተወሰነ ቍጥርና በተወሰነ አቅጣጫ ዙሪያውን የሚያያዙበት ውሕድ ነው። ይህን ሥርዐት በ1893 የገለጸው በዙሪክ ያስተምር የነበረው አልፍሬድ ቨርነር ሲሆን፥ ስለዚሁ በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሮብሰን ከዚህ ተነሥተው የጠየቁት ጥያቄ፥ አንድ ሊጋንድ ሁለት የብረታ ብረት አዮኖችን ጎን ለጎን ሊይዝ ይችላልን? የሚል ነው። በ1970 ከፒልኪንግተን ጋራ ሆነው በአውስትራሊያ የኬሚስትሪ መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ እንዲህ ያለውን የቀለበት ቅርጽ ያለው ሊጋንድ ይገልጻል፤ የዚህም ወገን ሊጋንዶች እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ።

ይህን ቀደምት ሥራ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የእንጨት ኳሱን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይዘሉታል። ነገር ግን ሁለት አዮኖች በአንድ ሞሌኩል ውስጥ በተመደበላቸው ቦታ እንዲቀመጡ ያደረገ ሰው፥ «ሞሌኩሉ የአዮኑን ቦታ አስቀድሞ ሊወስን ይችላል» የሚለውን ነገር በእጁ ተለማምዶታል። በሁለት አዮን የተሞከረው ነገር ማለቂያ በሌለው ብዛት ቢሞከርስ? ብሎ ለመጠየቅ የቀረው አንድ እርምጃ ነው። ስለዚህ «ድንገት በራላቸው» የሚለው አነጋገር የዓመታትን ልምምድ የአንድ ቀን ዕድል ያስመስለዋል።

«ከምንም ተነሥተው» የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። በ1897 ሆፍማን የተባለው ጀርመናዊ ኒኬል፥ ሳይናይድና አሞንያ ያሉበት፥ በውስጡ ቤንዚንን እንደ እንግዳ የሚያሳድር ክሪስታል አግኝቶ ነበር። በ1959ም በጃፓን ሳይቶና ባልደረቦቹ የመዳብ አዮኖች አዲፖናይትራይል በሚባል ረጅም ሞሌኩል ተያይዘው እንደ አልማዝ ያለ መረብ መሥራታቸውን በራጅ መርምረው ገልጸዋል። እንግዲህ መረቡ ከሮብሰን በፊት ታይቷል። ልዩነቱ ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቀደም ያሉት ሰዎች ክሪስታሉን አግኝተው ቅርጹን በኋላ ዐወቁ፤ ሮብሰን ግን ቅርጹን አስቀድመው አስበው ክሪስታሉን ፈለጉ። መንገድ ዳር የወደቀ እንጨት አንሥቶ ምርኩዝ ከማድረግና ለቤት የሚሆን ቋሚ ለክቶ ከመቍረጥ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ፥ ይህንንም ልዩነት ያውቀዋል።

፪

አሁን ወደ ኳሶቹ እንምጣ። በ1974 ሮብሰን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ማስተማሪያ የሚሆኑ የሞሌኩል ምሳሌዎችን እንዲያዘጋጁ ሆነ። ኳሶቹ አቶሞች፥ ዘንጎቹ ደግሞ ማያያዣዎች ናቸው። ዘንጎቹ የሚሰኩባቸውን ቀዳዳዎች የዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ እንዲሰረስር፥ የካርቦኑ ኳስ የት የት፥ የናይትሮጅኑ ኳስ የት የት እንደሚበሳ ምልክት ማድረግ ነበረባቸው። ኳሶቹ ተሰርስረው በመጡ ጊዜ ጥቂት ሞሌኩሎችን ሲገጣጥሙ፥ ሞሌኩሎቹ ሁሉ ያለ አራሚ ትክክለኛ ቅርጻቸውን ሲይዙ አዩ። ዕውቀቱ ከቀዳዳው ውስጥ ነበረ።

እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሜቴንን ሞሌኩል ከጭቃ ኳስና ከስንጥር ሠርቼ አውቃለሁ። ስንጥሩን ደስ ባለን ቦታ ስለምንሰካው የአንዱ ተማሪ ሜቴን ከሌላው ጋራ አይመሳሰልም ነበር፤ መምህራችን ማእዘኑን እየለኩ 109.5 ዲግሪ እስኪሆን ድረስ ያርሙን ነበር። የጭቃው ኳስ ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው እጅ ነው። የተሰረሰረው ኳስ ግን የሠሪውን እጅ ያስገድደዋል። ሮብሰን ያስተዋሉት ይህንን ነው። ከዚህም ተነሥተው፥ ነጠላ አቶሞችን በማያያዝ ፈንታ፥ የየራሳቸው አቅጣጫ ያላቸውን አዮኖችና ሞሌኩሎች ብናገናኝ በፈለግነው ቅርጽ አይገጣጠሙምን? ብለው ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ ኳሶቹ ለአዲስ ተማሪዎች በወጡ ቍጥር በየዓመቱ ይመለስባቸው ነበር፤ ሆኖም ወደ ላቦራቶሪ ሳይገባ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈየ። ተችዎች ይህን መዘግየት እንደ ስንፍና ሊቈጥሩት ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ግን የአብዛኞቹ ኬሚስቶች ግምት፥ እንዲህ ያሉ ነገሮች አንድ ላይ ቢደባለቁ የሚገኘው የተወሳሰበና ሥርዐት የሌለው ዝቃጭ ይሆናል የሚል ነበር። ጥያቄው የተማሪ ጥያቄ ይመስላልና አንድ ሊቅ በቁም ነገር ለመያዝ ሳያፍር አይቀርም። እኔ በበኩሌ መዘግየቱን እንደ ጉድለት እቈጥረዋለሁ፤ ሆኖም ጉድለቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። የዘመኑ ትምህርት ማስተማሪያን ዕቃ ከምርምር ዕቃ ለይቶ በሁለት ቁም ሣጥን ይቈልፍ ነበርና።

፫

በመጨረሻ ሲሞክሩት የመረጡት ምሳሌ አልማዝን ነው። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአራት ሌሎች ጋራ ይያያዛል። ሮብሰን አራት ጎረቤት የሚወደውን የመዳብ አዮን ወሰዱ፤ ከእርሱም ጋራ ከመካከሉ አንድ ካርቦን፥ ከዚያም አራት ክንድ ያለውን፥ በየክንዱ ጫፍ ናይትራይል የሚባለው የካርቦንና የናይትሮጅን ጥንድ የተቀመጠበትን ሞሌኩል አገናኙ። ናይትሮጅኑ መዳቡን ይይዛል፤ መዳቡም አራት ናይትሮጅን ይይዛል። የተገኘው ነገር እንደ ተጠበቀው አልማዝን የሚመስል ክሪስታል ሆነ፤ ነገር ግን ዘንጎቹ ረጃጅሞች ስለ ሆኑ በመካከላቸው ትልልቅ ክፍሎች ነበሩበት። ከክሪስታሉ ይዞታ ከግማሽ የሚበልጠውን የያዘው ናይትሮቤንዚን የሚባለው ፈሳሽ ነበር። ይህን ከራጅ ምርመራ ዐዋቂው ከበርናርድ ሆስኪንስ ጋራ ሆነው በ1989 በአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ መጽሔት በአጭር ጽሑፍ አወጡ።

በሚቀጥለው ዓመት በ1990 ያወጡት ረጅሙ ጽሑፍ ግን፥ በእኔ አስተያየት፥ የዕድሜያቸው ዋና ሥራ ነው። በዚያ ጽሑፍ አራት ወይም ስድስት አቅጣጫ ያላቸውን ማእዘኖች በዘንግ መሰል ሞሌኩሎች በማያያዝ አዲስ የነገሮች ወገን ሊገኝ እንደሚችል ገለጹ፤ የአሠራሩን ደንብ አወጡ፤ ከእነዚህም ነገሮች ምን ጥቅም ሊጠበቅ እንደሚችል ዘረዘሩ። በክፍሎቹ ውስጥ ያለው አዮን በሌላ አዮን ሊለወጥ እንደሚችልም በተግባር አሳዩ። አንድን ክሪስታል የሚያቀርብ ጽሑፍ ብዙ ነው፤ ገና ያልተሠሩ ክሪስታሎችን ለማሠራት የሚችል ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው።

ትችቴም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የእንጨት ኳስ ሦስት ነገሮችን አያውቅም።

አንደኛ፥ ኳሱ የተሰካው ዘንግ መነቀል እንደሚችል አያውቅም። በመዳብና በናይትሮጅን መካከል ያለው ማያያዣ የላላ ነው። ክሪስታሉ በሥርዐት የተገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በስሕተት የተያያዘው ይለቅና እንደ ገና በትክክል ይያያዛል፤ ደለል ይሆናል ተብሎ የተፈራው ነገርም አልማዝን መሰለ። ነገር ግን ይህ ልልነት ሕንጻውን ደካማ ያደርገዋል። ስሕተቱን ያረመው እጅ ቤቱንም ያፈርሰዋል። ሁለተኛው ወገን «ይፈራርስ ነበር» ሲል እውነት ይናገራል፤ ያላስተዋለው ግን ይህ ልልነት ባይኖር ክሪስታሉም ባልኖረ ነበር።

ሁለተኛ፥ ኳሱ ባዶነትን አያውቅም። በጠረጴዛ ላይ የቆመ የእንጨት ምሳሌ በመካከሉ አየር ብቻ ቢኖርም ይቆማል። በክሪስታሉ ግን ክፍሎቹን የሞላው ፈሳሽ ራሱ እንደ ድጋፍ ያገለግላል። እንግዳው ሲወጣ ቤቱ ይቆማልን? ይህ ከጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው ነበር። ሮብሰን በ1990 ጥንካሬና ክፍትነት በአንድነት ሊገኙ እንደሚችሉ ተስፋቸውን ጽፈዋል፤ ተስፋውን በፈተና ያጸኑት ግን ሌሎች ናቸው።

ሦስተኛ፥ ኳሱ ጎረቤቱን መረብ አያውቅም። ክፍሉ ሲሰፋ ሌላ ተመሳሳይ መረብ ሰተት ብሎ ይገባና ሁለቱ ሳይያያዙ ተጠላልፈው ያድጋሉ፤ ባዶው ቦታም ይጠፋል። የዚንክ ሳይናይድ ክሪስታል እንዲህ እንደ ተጠላለፉ ሁለት የአልማዝ መረቦች ሊታይ እንደሚገባ ያመለከቱት ራሳቸው ሮብሰን በዚያው በ1990 ጽሑፍ ነው። በዚያው ላይ መዳብና ዚንክ በሳይናይድ የተያያዙበትን ሌላ ክሪስታል አቀረቡ፤ በዚህ ውስጥ ቴትራሜቲል አሞንየም የሚባለው አዮን ከክፍሎቹ እኩሌታውን ስለ ያዘ ሁለተኛ መረብ ሊገባ አልቻለም። ከስቱዋርት ባተን ጋራም በ1998 ስለ ተጠላለፉ መረቦች ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። ሊመሰገኑ የሚገባቸው በዚህ ነው። አሳባቸውን የሚያሰናክለውን ነገር ደብቀው አላለፉም፤ ስም ሰጥተው፥ መድበው፥ ለሌላው ሰው የትምህርት ርእስ አደረጉት።

፬

የቀረውን መንገድ የሄዱት ኪታጋዋና ያጊ ናቸው። ኪታጋዋ በ1997 ክፍት ቧንቧ ያለበትን ክሪስታል ከውሃው አድርቀው፥ መዋቅሩ ሳይፈርስ ሜቴን፥ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን እየገቡ እንደሚወጡበት አሳዩ። ያጊ በ1995 ሜታል ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ የሚለውን ስም ለዚህ ወገን አወጡለት፤ በ1999 ደግሞ ኤም ኦ ኤፍ 5 የተባለውን አቀረቡ። ይህ ክሪስታል ባዶውን ሆኖ እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ አይፈርስም፤ የጥቂት ግራሞቹ የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ከዚህ በኋላ የመጡት የዚህ ወገን ነገሮች ከበረሃ አየር ውሃ እስከ መሰብሰብ ደርሰዋል።

ታዲያ ያጊ ያደረጉት ለውጥ ምንድን ነው? ማእዘኑን ለወጡ። በነጠላ አዮን ፈንታ አራት የዚንክ አዮኖች በአንድ ኦክሲጅን ዙሪያ የተሰበሰቡበትን ጉባኤ በማእዘን አቆሙ፤ ከዚህም ጉባኤ ስድስት ክንድ በስድስት አቅጣጫ ይወጣል። ነጠላ የዚንክ አዮን እንደ ሁኔታው አራትም፥ አምስትም፥ ስድስትም ጎረቤት ይይዛል፤ ቀዳዳው የሚንቀሳቀስ ኳስ ነው። ጉባኤው ግን አቅጣጫውን አይለውጥም፤ ማያያዣውም የጠነከረ ነው። እንግዲህ ያጊ የሠሩት፥ በወርክሾፕ ተሰርስሮ እንደ መጣው የእንጨት ኳስ ቀዳዳው የጸና ማእዘን ነው። ነጠላው አዮን ከእንጨት ኳሱ አንሶ ተገኘ፤ መፍትሔውም አዮኑን ኳሱን እስኪመስል ድረስ ማጽናት ሆነ። ስድስት አቅጣጫ ያለው ማእዘን በዘንግ ይያያዝ የሚለው ደንብም በ1990 ጽሑፍ ውስጥ ተጽፎ የቈየ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛው ወገን ኋለኞቹን ከሮብሰን ነጥሎ ሲያመሰግን፥ ያመሰገነው ሥራ የተሠራበትን ልክ ማን እንዳወጣው መርሳቱ ነው። አንደኛው ወገንም ሮብሰንን ብቻ ሲያነግሥ፥ ልኩን የያዘው ሰው ያልቆመለትን ቤት ያቆሙትን ሰዎች ድካም ይረሳል።

፭

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከላይ የጠቀስኩት «ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ነው። በእኛ መካከል ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ከፊት ይቆማል፤ አገር ብዙ የሚያስፈልጋት ነገር ስላለ መጠየቁም የሚያስነቅፍ አይደለም። ሆኖም በ1990 በሮብሰን ክሪስታል ላይ ይህ ጥያቄ ብቻ ቢቀርብ ኖሮ፥ መልሱ «ገና ምንም» የሚል በሆነ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ብዙዎች የማይጠቅም ነው ብለውታል። ስለዚህ ለአንድ ምርምር ሁለት ጥያቄ አብረን እንድናቀርብ ያስፈልጋል እላለሁ፤ የመጀመሪያው ምን ይጠቅማል? ሲሆን ሁለተኛው፥ ሌላ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ምን ሊሠራ ይችላል? የሚል ነው። የሮብሰን ሥራ በመጀመሪያው ጥያቄ ወድቆ በሁለተኛው አለፈ።

ለመምህራኖቻችንም አንድ አሳብ ላቅርብ። ይህ ሁሉ የተጀመረው አንድ አስተማሪ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሆን ዕቃ በጥንቃቄ በማዘጋጀቱ ነው። ማስተማር ከምርምር ጊዜ የሚሰርቅ ሥራ ነው ሲባል እንሰማለን። በሮብሰን ግን የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀዳዳው የት ይሰርሰር? ብለው ለተማሪ ብለው የደከሙት ድካም፥ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ የራሳቸውን ላቦራቶሪ አስተማረው። የዘገየውም ማስተማሪያውን እንደ ማስተማሪያ ብቻ ስላዩት ይመስለኛል።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ የሚተርፈን ይህ ነው። በእጃችን የምንይዘው የእንጨት ምሳሌ ብዙ ያውቃል፤ ግን ሁሉን አያውቅም። ምሳሌው የሚያውቀውን ተቀብለን ጥያቄ እንሥራበት፤ የማያውቀውንም ለይተን በዝርዝር እንጻፍ፤ የሚቀጥለው ሥራ ያለው ከዚያ ዝርዝር ላይ ነውና። ሮብሰን የመጀመሪያውን በሙሉ፥ ሁለተኛውን በከፊል አደረጉ። ከፊሉን ለሌሎች መተዋቸው ጉድለት ነው ብያለሁ፤ ጉድለቱ ግን የት እንዳለ በግልጽ እንዲታይ አድርገው ስለ ተዉት ሌሎች ሊሞሉት ቻሉ። ይህ አስተያየት የአንድ ተማሪ አስተያየት ስለ ሆነ፥ የተሳሳትኩበት ቦታ ቢኖር መምህራንና ጓደኞቼ በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።